የጣውላው ደቦ

አስረሳሽ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናት። አሶሳ ውስጥ እሷ ያላንኳኳችው በር አለ ቢሉኝ አላምንም። አጥሩ ቀርከሃም ይሁን ቆርቆሮ ተጠግታ ታንኳኳለች፤ ውሻው ይጮህባታል፤ ከውስጥ "ማነው?" ይባላል፤ "ከውሃ ነው!" ትላለች። ከዚያ ጎንበስ ነው። የቆጣሪውን ክዳን ታነሳለች፣ መስታወቱ ላይ የደረቀውን ቀይ ጭቃ በአውራ ጣቷ ትጠርጋለች፣ ቁጥሩን ታነባለች፣ ቀና ትላለች። የከፋው ቀና ማለቱ ነው እንግዲህ። ጉልበቷ ቋ ይላል። በክረምት ጭቃው ጫማዋ ላይ ሌላ ጫማ ይሠራባታል፤ በበጋ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የቤቱ ባለቤት ደግሞ መቼም አንድ ጥያቄ አያጣም፤ "ይህን ሁሉ ውሃ እኔ ነኝ የጠጣሁት?" ይላታል፣ እሷ አብራው የጠጣች ይመስል።

አባቷ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው ከከተማው ወጣ ካሉት አምባዎች አንዱ ላይ ሲያርፉ አስረሳሽ በእናቷ ጀርባ ነበረች። እዚሁ አደገች፣ እዚሁ ተማረች፣ እዚሁ አገባች። ማታ ማታ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክርና "ይሄ እግር የእኔ አይደለም፤ ተውሼው ነው" ትላለች።

ባሏ በኃይሉ የባጃጅ ሹፌር ነው። ሹፌር ይባል እንጂ ኑሮው ሰልፍ ነው። ቤንዚን መጣ ሲባል ባጃጁን ገፍቶ ይሰለፋል፤ ተራው ሳይደርስ ያልቃል፤ ገፍቶ ይመለሳል። ልበ ቀና ሰው ነው፤ ሥራ አይንቅም፣ መጠጥ አያውቅም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ያየውን ነገር ሁሉ ያምናል። ሰልፍ ላይ ደግሞ ከስልክ በቀር ምን የሚታይ ነገር አለ?

አንድ ቀን እንዲሁ ተሰልፎ ሳለ ቪዲዮ አየ። አንድ ጎረምሳ ጣውላ ላይ ቆሟል። ከጣውላው ሥር አራት ወፋፍራም ጎማዎች፣ በኤሌክትሪክ የሚሞላ ሞተር፤ ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ ቤንዚን የለው! ዳገቱን፣ ጠጠሩን፣ አሸዋውን ሽው ይላል። የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ ይሉታል። በኃይሉ ሰልፉን ጥሎ ወደ ቤት መጣ።

"አስሩ፣ እይው እስቲ! ከቆጣሪ ቆጣሪ በእግርሽ መዳከር ቀረ። ጣውላው ላይ ቆመሽ ሽው ነው!"

"እኔ? በቀሚስ?"

"ቀሚስ ምን አለበት?"

"ጭቃውስ?"

"ጎማውን አታይም እንዴ? ደግሞስ ግድቡ እዚሁ ጉባ ቁጭ ብሎ እኛ ቤንዚን ስንለምን እንሙት?"

ሳቀችበት። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ቀን ደስ አላት። እግሯን ያየላት ሰው ካገኘች ቆይታ ነበር።

ነገሩ ግን ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም። ገና አልተሠራም። ሰዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው። ሐሳብ አለን፣ ናሙናም ሠርተናል፣ ገንዘብ ግን የለንም፤ እናንተ ቀድማችሁ አዋጡ፣ ሠርተን እንልክላችኋለን ነው የሚሉት። አራት ለሚያዝዝ ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል። በኃይሉ ወሬውን ለጎረቤት አዳረሰ። ሦስት ቤት እሺ አለው። አንደኛው ሼህ ኡመር ናቸው፤ ከከተማው ዳር ማሽላና ለውዝ የሚያርሱ፣ የበርታ ሽማግሌ። ሁለተኛው ጅረኛ፣ ከባምባሲ መጥቶ እነ በኃይሉ በር አጠገብ የከተመ ልብስ ሰፊ። ሦስተኛው ነብዩ፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። እንግሊዝኛውን ያነበበላቸው እሱ ነበር።

"እዚህ ላይ ገዢ አይልም፤ ደጋፊ ነው የሚለን" አለ ነብዩ፣ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ። "ዕቃ አልገዛችሁም፣ ሥራውን ነው የደገፋችሁት ይላል። ከታች ደግሞ በትንሹ፣ ላይሳካም ይችላል ይላል።"

ሼህ ኡመር ጭናቸውን መታ አደረጉ። "ታዲያ ናፊር ነው በለኛ! አንድ ሰው ይጠራል፣ ሰፈሩ ይሄዳል፣ ያግዛል። ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው?"

ናፊር እኛ ደቦ የምንለው ነው። ቃሉ ለሁሉም ተስማማው። በኃይሉ ጠራ፣ እነሱ መጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ተባለ። "ላይሳካም ይችላል" የምትለዋን ትንሽ ጽሑፍ ማንም ዞሮ አላያትም። የሼህ ኡመር ሚስት የዐዋጢፍ ወንድም ዱባይ ይሠራል፤ ክፍያው በእሱ በኩል ሄደ።

እንግዲህ ስህተቱ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ አይደለም፤ ገንዘብ መቼም ይመጣል ይሄዳል። ደቦ ብለው መጥራታቸው ነው። ደቦ ሕግ አለው። የጠራ ያበላል፤ ሥራው እስኪያልቅ ያበላል። የመጣ ሰው ደግሞ ጠሪው ራሱ ተነስቶ "ሥራው አልቋል፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ሳያሰናብተው ውልፍት አይልም፤ ነውር ነው። ማሽላ ቢሆን ማለቁ በዓይን ይታያል። ባሕር ማዶ ያለ፣ ያልተሠራ ጣውላ መቼ ነው የሚያልቀው?

የመጀመሪያው እሁድ ደስ ይል ነበር። ሥጋ ከሆነ የአንዱን ቢላ ሌላው ስለማይበላ አስረሳሽ ባሚያ ወጥ፣ ሽሮና የማሽላ ገንፎ ሠራች። አንድ ትሪ ከበው በሉ፣ ተጫወቱ። ሼህ ኡመርን በጀለቢያቸው ጣውላው ላይ አቁመው በሐሳብ በኩርሙክ መንገድ ላኳቸው። ዐዋጢፍ እስክታነባ ሳቀች። ሁለተኛው እሁድም ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ያውቁታል፤ እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ቀጥሎ ጨርቅ ነው።

ከሰዎቹ መልእክት ይመጣል። ባትሪው እየተሞከረ ነው። እሁድ ሲሰበሰቡ በኃይሉ በስልኩ አስተርጉሞ ያነብላቸዋል፤ "አላህ ያሳካው" ይላሉ ሼህ ኡመር፤ "አሜን" ይላል፤ ይበላሉ። ጎማው ተቀይሯል። አሜን፤ ይበላሉ። ፋብሪካው በዓል ላይ ነው። የማን በዓል እንደሆነ እንጃ፤ አሜን፤ ይበላሉ። ረመዳን ሲገባ ለማፍጠሪያ መጡ። ሁዳዴ ሲገባ ወጡ ድሮም የጾም ስለነበር ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ማንጎው አበበ፣ አፈራ፣ መሬት ረገፈ፣ ክረምት ገባ። ጣውላው የለም።

አስረሳሽ ሳምንቱን ሙሉ የሰው በር ስታንኳኳ ትከርምና እሁድ የእሷ በር ይንኳኳል። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሽንኩርት መክተፍ ነው። "እግዜር በሰባተኛው ቀን ያረፈው ጎረቤት ስላልነበረው ነው" ትላለች፣ ለራሷ። ለምን አልተናገረችም አትበሉኝ። ይሉኝታ ነዋ! ገንዘባቸውን ያወጡ ሰዎች አትምጡ ሊባሉ ነው? እሷ መቼም የሚመጡት ባሏን ሊፋጠጡት ነው ብላ ታስባለች። ጓዳ ሆና "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያለች ታጉረመርምና ትሪውን ይዛ ስትወጣ ፈገግ ትላለች።

በኃይሉም ከሰውነት ወጣ። እሁድ በቀረበ ቁጥር ምግብ አይወርድለትም። ስልኩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰልፍ ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ገባ፤ ሳይቀመጥ ተናገረ።

"አስሩ፣ ጣውላው ተሠርቷል አሉ። መላኪያ ብቻ ጨምሩ ነው የሚሉት። የአራቱንም።"

"ለጎረቤቶቹ ንገራቸዋ።"

"ደቦ ጠርቼ ሲያበቃ ማረሻም ይዛችሁ ኑ ልበል? አላደርገውም!"

"ታዲያ ከየት ልታመጣው ነው?"

ጀሪካኑን በሩ ሥር አስቀመጠ። 

"ዳበሳ ባጃጁን ይወስደዋል" አለ። "ያ የባምባሲው ነጋዴ። እሁድ ከሰዓት ይመጣል።"

አስረሳሽ የያዘችውን ማማሰያ አስቀመጠች። ቢሰለፍም ቢገፋም ባጃጁ ጤፋቸው ነው፣ ዘይታቸው ነው፣ የልጃቸው የሐኒ የነርስነት ትምህርት ነው። የእሷ ደመወዝ ብቻውን የወሩን አጋማሽ አያይም።

"አበድክ እንዴ አንተ ሰው?"

"ምን ላድርግ ታዲያ? እሁድ እሁድ ፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል እኮ! አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ እሱ ነው የገደለኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለ። ወይ ጣውላው ይመጣል፣ ወይ እኔ አገር ለቅቄ እጠፋለሁ።"

ልትጮህበት ፈልጋ ነበር። ለመጮህም አቅም ያስፈልጋል። ድስቷን አውጥታ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት የሼህ ኡመርን ግቢ ቆጣሪ ልታነብ ገባች። ዐዋጢፍ ማንጎው ጥላ ሥር ለውዝ ትፈለፍላለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት ብዙም አይለይ፤ ልቧ ግን ሰው ይለያል።

"አስረሳሽ፣ ደክሞሃል። ቁጭ በል" አለቻትና የከርከዴ ሻይ ቀዳችላት። አስረሳሽ እንደ ምንም ተቀመጠች። ዐዋጢፍ ለውዟን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ "ባልህ እነዚህን ሰዎች መቼ ነው የሚለቃቸው?" አለች።

"የትኞቹን ሰዎች?"

"ኡመርን! ጅረኛን! አስተማሪውን! ኡመር እሁድ እርሻ መሄጃው ነበር። አሁን አይሄድም፤ አረሙ ማሽላውን ዋጠው። ሂድ ስለው፣ ናፊር ላይ ነኝ፣ በኃይሉ አልለቀቀኝም ይላል። ጅረኛም የሰው ልብስ ተከምሮበታል።"

"ኧረ እነሱ እኮ ናቸው የሚመጡት! ጣውላውን ሊጠይቁ..."

"ምን ይጠይቃሉ? እንደማይመጣ ያውቃሉ። አስተማሪው አንብቦ ነግሯቸዋል። ጣውላውን እሠራለሁ ያለው ሰው ገንዘቡን በልቶ ጠፍቷል፤ ከየአገሩ ሰው ይረግመዋል። ቀደም ብሎ መላኪያ ጨምሩ ብሏቸው የጨመሩትም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ክረምቱ ሳይገባ ነው ይህን ያወቁት።"

"እና ለምን አይነግሩትም?"

"ነውር! የሰው ተስፋ በአፍ ይገደላል? ጠርቶናል፣ እሱ ይልቀቀን ይላሉ።"

አስረሳሽ ከርከዴው እጇ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ መሐል ላይ እንባ ሆነ። እሷ የምታበስለው እነሱ ስለሚመጡ ነው። እነሱ የሚመጡት ባሏ ስላልለቀቃቸው ነው። ባሏ የማይለቃቸው ዓይናቸውን ስለፈራ ነው። ለዚህ ሁሉ ጨዋነት ደግሞ ነገ ባጃጁ ሊሸጥ ነው። ወይ ጉድ! አንድ የማያውቁት ሰው ባሕር ማዶ ሆኖ ገንዘባቸውን በላ፤ እሁዳቸውን ግን ማንም አልበላባቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የበሉት። ብድግ ብላ ወጣች። ቆጣሪውን እንዳላነበበች መንገድ ላይ ትዝ ብሏት ተመለሰች።

እሁድ አስረሳሽ ምድጃ አልጫረችም። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው መጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ትሪው የለም። በኃይሉ ወደ ጓዳ አንገቱን ሲመዝ እሷ ባዶ እጇን ወጣች።

"ዛሬ ምግብ የለም" አለች።

"አስሩ!" አለ በኃይሉ፣ ፊቱ እሳት መስሎ።

"አንተ ዝም በል። ጣውላው አይመጣም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ይሄ ሰው ብቻ ነው የማያውቀው። አሁን ደግሞ ለመላኪያ ብሎ ባጃጁን ሊሸጥ ነው፣ ገዢው መንገድ ላይ ነው። ስትበሉ የከረማችሁት የእኔን እጅ ነው፤ እኔ ልዝጋው። ደቦው አልቋል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ወደየሥራችሁ ሂዱልኝ!"

ጅረኛ መሬት መሬት አየ። ነብዩ መነጽሩን አውልቆ ያልቆሸሸውን መወልወል ጀመረ። ሼህ ኡመር ባጃጁን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ እውነት ተናገርክ" አሏት፤ የእሳቸውም አማርኛ ያው እንደ ሚስታቸው ነው። "ግን ከአንተ አይሆንም። የጠራ ነው የሚለቅ። በኃይሉ ይበል።"

ሁሉም ወደ በኃይሉ ዞሩ። ከውጭ የሞተር ድምፅ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ዳበሳ ነበር።

"ታውቃላችሁ?" አለ በኃይሉ።

"እናውቃለን ጋሼ በኃይሉ። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ" አለ ነብዩ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆይቷል።"

"እና እሁድ እሁድ ምን ልትሠሩ ነው የምትመጡት?"

ጅረኛ ቀና አለ። "ማሎ በኃይሉ፣ እባክህ፣ ታዲያ ብቻህን ትቀመጥ?"

በኃይሉ ተነሳ።  ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተው።  አስረሳሽን ለአፍታ አሳዘናት፤ ልትተውለት ቃጣች፤ በሩን አየችና አልተወችለትም።

"ሥራው..." አለ። ያልተጀመረውን ሥራ ነው እንግዲህ። "ሥራው አልቋል። እግዜር ይስጥልኝ። አላችሁ ብዬ ነበር የጠራኋችሁ፤ አደከምኳችሁ።"

ሼህ ኡመር እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። "አላህ በሌላ በኩል ይካስህ። የወጣው ወጥቷል፤ ከዚህ በኋላ አንድ ሳንቲም ለዚያ ሌባ አትላክ። እኛ ናፊር መጥተናል፣ አንተም ትመጣልኛለህ። እሁድ አይሆንም፣ ሰንበታችሁ ነው። ሐሙስ ና፤ አረሙ ጨርሶኛል።"

"እመጣለሁ" አለ በኃይሉ።

ጫማቸውን ያደረጉበት ፍጥነት! ጅረኛማ ገመዱ እንደተፈታለት ጥጃ ነው የወጣው። አስረሳሽ በር ላይ ዳበሳን አገኘችው።

"የሚሸጥ ባጃጅ የለም፣ ወንድሜ።"

"እንዴ! ከባምባሲ ድረስ መጥቼ?"

"ግባና ውሃ ጠጣ። ምግብ ግን የለም።"

ዳበሳ እያጉረመረመ ሲሄድ በኃይሉ ደፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች። 

"ለአንቺ ብዬ እኮ ነበር" አላት።

"አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ ነው የገደልከኝ።" ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም። "እግሬን አመመኝ ስልህ ጣውላ ፈለግህ። እኔ የምፈልገው እሁድን ተቀምጬ መዋል ነበር። እሱ ከማንም አይታዘዝም፣ መላኪያም የለው። አንድ ቀን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

 ይህን ብላ ተነስታ ገባች።

ሰኞ ጠዋት አስረሳሽ ጫማዋን አስራ ስትወጣ ባጃጁ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

"ግቢ" አላት።

"ቤንዚን አለህ?"

"ትንሽ አለች።"

ትንሽ አለች ያላት ከሦስተኛው ቤት አላለፈችም። ባጃጁ ሁለቴ ስሎ ቆመ። አስረሳሽ ተነፈሰችና ልትወርድ አንድ እግሯን አወጣች።

"ቁጭ በይ" አለ በኃይሉ። ወርዶ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ መግፋት ጀመረ።

"ኧረ ሰው ያየናል!"

"ይየን። ባዶውን ስገፋውስ ያየኝ የለ?"

መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ሌሊት ስላልዘነበ ቀዩ ጭቃ ረግቷል። አስረሳሽ መጀመሪያ እንደ እንግዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ተደገፈች። በኋላ እግሯን መቀመጫው ላይ ሰቀለች። በኃይሉ የሚቀጥለው በር ደርሶ "ደርሰናል" ሲላት መልስ የለም። ዞሮ አየ፤ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

ሄዶ አንኳኳ። ውሻው ጮኸበት። "ማነው?" አሉት ከውስጥ።

"ከውሃ ነው!" አለ።

ገባ፣ ጎንበስ አለ፣ ክዳኑን አነሳ፣ ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ቁጥሩን አንብቦ ቀና ሲል ጉልበቱ ቋ አለ። አጠገቡ ያለውን የማንጎ ግንድ ተደግፎ ትንሽ ቆመ። ከዚያ እንዳይረሳው ቁጥሩን እያነበነበ ተመለሰና ሳይቀሰቅሳት ወደሚቀጥለው በር ገፋ።